የገመዳ መርፌ

ዘመናይ ናዝሬት ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ ባለው መንገድ ላይ ፀጉር ቤት ከከፈተች ብዙ ዓመት ሆኗት ነበር። ካውያውን ከሰል ላይ አግላ የምትተኩሰው፣ ቢጎዲን የምትጠቀልለው፣ ሹሩባ የምትሠራው እሷው ራሷ ነበረች። በሩ ላይ ማስታወቂያ አላስጻፈችም። ማስታወቂያዋ ከጀርባዋ ወርዶ ወገቧ ላይ የሚያርፈው የገዛ ፀጉሯ ነበር። ሴቶቹ ገብተው «እንደ አንቺ አድርጊልኝ» ሲሏት፣ በአንድ ቀን የሚሆን ነገር እንዳልሆነ ልቧ እያወቀ «እሺ፣ ተቀመጪ» ትላቸዋለች።

ባል አላገባችም። የሟች እህቷን ልጅ ሙሉአለምን ግን ከጨቅላነቷ ጀምራ አሳድጋለች። ሱቁ ተዘግቶ እራት ከተበላ በኋላ ሁለቱ መደቡ ላይ ተቀምጠው፣ አንዷ የሌላዋን ፀጉር እያበጠረች ስለ ሰፈሩ ያወሩ ነበር። ሙሉአለም በ1976 ዓ.ም. አሰብ የሚሠራ ሹፌር አግብታ ሄደች። ሠርጉ ጥሩ ነበር፤ ዘመናይም ከሁሉ በላይ ጨፍራለች። እንግዶቹ ሁሉ ከሄዱ በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀረው የግድግዳው ሰዓት ድምፅ ብቻ ነበር። ለብዙ ጊዜ የበሩን መቀርቀሪያ መዝጋት እየረሳች ተኛች። ገና የሚገባ ሰው ያለ ይመስላት ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሮማነወርቅ ፀጉሯን ልትተኮስ መጣች። የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሹም ናት፤ ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ የሚያናግራት ሴት። ዘመናይ የወደቀባትን ሚዶ ለማንሳት ስታጎነብስ ሮማነወርቅ ትከሻዋን ያዘቻት።

«ቆይ እስቲ፣ እንዳትነሺ። ማጅራትሽ ላይ ምን ሆነሽ ነው?»

«ምን ሆንኩ?»

ሮማነወርቅ ጣቷን ልታስጠጋ ብላ መልሳ ሰበሰበችው። «ባዶ ነው፤ ክብ ሆኖ ተነቅሏል። ላሽ ነው መሰለኝ።» ከዚያ ዘመናይ እጅ ላይ ያለውን ሚዶ አየች። «እኔንም ያበጠርሽኝ በዚሁ ነው?»

ዘመናይ መልስ ሳትሰጥ ሮማነወርቅ ከወንበሩ ተነሳች። ግማሽ ጭንቅላቷ እንደተተኮሰ፣ ግማሹ እንደቆመ፣ ሻሿን ጥላበት ወጣች።

ክቡ አንድ ሆኖ አልቀረም። ከጆሮዋ በላይ ሌላ መጣ፣ ግንባሯ ላይ ሌላ፤ ከዚያ እርስ በርሳቸው ተገናኙ። ጠዋት ስትነሳ ትራሱ ላይ የምታገኘውን ፀጉር በእጇ ጠቅልላ ሰው ሳያያት ምድጃ ውስጥ ትጥለው ጀመር። ጤና ጣቢያ ስትሄድ ያያት ሐኪም፣ በሽታው ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ፣ በድንጋጤም በሐዘንም ሊመጣ እንደሚችል፣ ምናልባትም በራሱ ጊዜ እንደሚመለስ ነግሮ ቅባት ሰጣት። ለደንበኞቿ «አይተላለፍም ብሎኛል» እያለች ነገረች። እነሱም «አዎ፣ እኛስ መቼ ይተላለፋል አልን» አሉ፤ ተመልሰው ግን አልመጡም። በመጨረሻ ከፀጉሯ ጥቂት ዘለላ ብቻ ሲቀር እሱንም ቆርጣ ሻሿን አጥብቃ አሰረች።

ወንበሯ ላይ መቀመጥ ያልተወችው በድሪያ ብቻ ነበረች። በድሪያ በናዝሬትና በሻሸመኔ መካከል እየተመላለሰች ጨርቅ የምትሸጥ፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት ናት።

«ሻሸመኔ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ አቶ ገመዳ ይባላሉ» አለቻት አንድ ቀን። «ሐኪም ቤት ቁስል የሚያክሙ ድሬሰር ነበሩ። ይሄን ፊቴን አየሽው? ማድያት በልቶት አልነበር? የገዛ ደሜን ከክንዴ ቀድተው፣ አጣርተው፣ መልሰው ፊቴ ላይ ወጉኝ። እንደ ልጅ ፊት አደረጉት። ለፀጉርም ይሠራሉ።»

«የገዛ ደሜን?»

«ታዲያ የሰው ደም ይሻልሽ ነበር?» ብላ በድሪያ ሳቀች።

ዘመናይ ለጉዞው የቀበሌ የይለፍ ወረቀት ስታወጣ ምክንያቱን «ዘመድ ጥየቃ» ብላ አስሞላች። ሻሸመኔ ውስጥ አንድም ዘመድ አልነበራትም።

አቶ ገመዳ የሚያክሙት ከቤታቸው ጓሮ በምትገኝ በኖራ በተቀባች ክፍል ውስጥ ነበር። ቀጠን ያሉ፣ ጥፍራቸውን በጣም አሳጥረው የሚቆርጡ ሽማግሌ ናቸው። ዘመናይ ሻሿን ስትፈታ ፊታቸው ላይ ምንም ነገር አልተለወጠም። ይህን ልብ አለችው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ያላየችው ነገር ነበርና።

«ምን ምን ሞከርሽ?»

«ቅባት። ነጭ ሽንኩርት። ፀበልም ሄጃለሁ።»

«እኔ ምን እንደማደርግ ነግረውሻል?»

«ደሜን መልሰው እንደሚወጉኝ።»

«ደሙን አይደለም፤ ከላዩ የሚቀረውን ውኃ ነው።»

መርፌውን ከሚፈላው ውኃ አውጥተው ከክንዷ ደም ቀዱ። እንዳይረጋ መድኃኒት ጠብ አደረጉበትና በብልቃጥ አድርገው፣ እንደ ሥጋ መፍጫ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ በብሎን ከታሰረች መሣሪያ ውስጥ ከተቱት። እጀታዋን ይዘው ማዞር ጀመሩ። መሣሪያዋ መጀመሪያ አጉረመረመች፣ ከዚያ እንደ ንብ እምም አለች። አብረዋቸው ይሠሩ የነበሩ የውጭ አገር የቆዳ ሐኪም ወደ አገራቸው ሲመለሱ የተዉላቸው ናት። ብልቃጡ ሲወጣ ቀዩ ወደ ታች ዘቅጦ ከላይ እንደ ጠጅ ብጫ የሆነ ውኃ ተኝቶ ነበር።

«ይሄ ነው» አሉ ብርሃን ላይ ይዘው። «ሐኪሙ አልድን ላለ ቁስል ነበር የሚያደርጉት። ለፀጉር የሞከርኩት እኔ ነኝ። አንዳንዱ ይበቅልለታል፣ አንዳንዱ አይበቅልለትም። የበቀለለትም በመርፌው ይሁን በራሱ ጊዜ፣ አላውቅም። ልዋሽሽ አልፈልግም።»

«ግድ የለም፣ ይውጉኝ» አለች።

ግራ እጃቸውን ግንባሯ ላይ አሳርፈው ራሷን ደገፉት። በቀኝ አውራ ጣታቸው የባዶውን ቦታ ዳር ዳር እየዳሰሱ በቀጭኑ መርፌ ጠቅ፣ ጠቅ እያደረጉ ሄዱ። ሕመሙ ከጉንዳን ንክሻ አይበልጥም። እንባዋ ግን ዝም ብሎ ወረደ።

«አመመሽ እንዴ?»

«አይ። አላመመኝም።»

እውነቷን ነበር። ቀኑን ሙሉ የሰው ራስ ስትነካ የኖረች ሴት ብትሆንም፣ ሙሉአለም ከሄደች ወዲህ የእሷን ራስ የነካ ሰው አልነበረም። ራሷ በሰው መዳፍ ላይ ሲያርፍ ምን ያህል እንደሚከብድ ረስታው ነበር።

በየወሩ መመላለስ ጀመረች። ናዝሬት ላይ ያለው ኑሮዋ አልተለወጠም። ሱቁን ትከፍታለች፣ መስታወቱን ትወለውላለች፣ ከሰሉን ታቀጣጥላለች፣ ሰው ካልመጣ መልሳ ታጠፋዋለች። ወሩ መጨረሻ ላይ ግን አውቶቡስ ትሳፈራለች። ሞጆን፣ መቂን፣ ዝዋይን ስታልፍ ልቧ እየቀለላት ይሄዳል። አቶ ገመዳ ብዙ አያወሩም። እጀታቸውን እያዞሩ ስለ ዝናቡ፣ ስለ በቆሎው ይላሉ፤ ከዚያ እጃቸውን ግንባሯ ላይ ያሳርፋሉ። ለዚያች አጭር ጊዜ ዘመናይ ዓይኗን ትጨፍናለች።

አንድ ቀን «መቼ ነው የምናቆመው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ፀጉሩ ብቅ ሲል። ከጤነኛ ሰው ደም አይቀዳም።»

ከፋሲካ በኋላ አንድ ማለዳ ፊቷን ስትታጠብ እጇ አናቷ ላይ አንድ ለስላሳ ነገር ነካ። መስታወት ፊት ሮጠች። እንደ ጫጩት ላባ የሳሳ፣ አንዳንድ ቦታ ነጭ፣ አንዳንድ ቦታ ጥቁር ፀጉር ራሷን ሞልቶታል። በደስታ ጮኸች። ድምፅዋ ባዶው ክፍል ውስጥ ሲመለስባት ደነገጠች። ዞር ብላ የምትነግረው ሰው ፈለገች። መንገር ያለባት ለአቶ ገመዳ ነበር፤ ለእሳቸው ከነገረች ግን የሚሉትን ታውቃለች።

ቀናት አለፉ፤ ፀጉሩም ወፈር አለ። ሻሸመኔ ልትሄድ ስትነሳ ሱቁን ከውስጥ ዘጋች፣ ውኃ አሞቀች፣ ሳሙና በጥብጣ አረፋ አስነሳች፣ አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ አወጣች። ሙያዋ ነውና አንድም ቦታ ሳይደማ ራሷን ሙልጭ አድርጋ ላጨች። አረፋውን ስትደፋ ግን ወደ ውኃው አላየችም።

አቶ ገመዳ እንደ ሁልጊዜው ግንባሯን ይዘው አውራ ጣታቸውን አሳለፉ። ጣቱ ቆመ። ወደ ኋላ ተመለሰ። ደግሞ አለፈ።

«ይሄን ምላጭ ነክቶታል» አሉ።

ዘመናይ ሻሿን ጭኗ ላይ አጠፈችው።

«ልጄ፣ ጣቴን ይከረክረኛል። በቅሎልሻል። ለምን ላጨሽው?»

«እንዳያቆሙብኝ ብዬ ነው» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም።

እጃቸውን ከግንባሯ አነሱ። ወንበር ስበው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ።

«ናዝሬት ማን አለሽ?»

«ደንበኞች አሉኝ።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

መሣሪያዋን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው «እኔ መርፌ ነው ያለኝ፤ ሌላ የለኝም» አሉ ቀስ ብለው። «ያላመማትን ሴት ልወጋ አልችልም፤ አትቀየሚኝ።» ከዚያ ሚስታቸውን ጠርተው ምሳ አስቀረቡላት። ባልና ሚስት እየበሉ ስለ አንዲት የጠፋች ጥጃ በኦሮምኛ ተጨቃጨቁ፤ ጭቅጭቁ መሃል ሴትየዋ ከራሷ ፊት ሥጋ አንስታ ባሏ ፊት አደረገች፣ እሳቸውም ሳያዩ በሉት። ዘመናይ የጠቀለለችውን ጉርሻ ትሪው ላይ መለሰች። አመስግና ተነሳች።

የመልሱ አውቶቡስ ቡልቡላ ላይ ጎማው ፈነዳ። ተሳፋሪው ወርዶ ጥላ ጥላ ፈለገ። ከመንገዱ ዳር፣ ከአንድ ግራር ሥር፣ ቤቷ ደጃፍ ላይ፣ አንዲት ጎልማሳ ሴት የጎረቤቷን ፀጉር ሠርታ ጨርሳ ቅቤ እየቀባቻት ነበር። ዘመናይ ሹሩባውን በባለሙያ ዓይን አየችው፤ ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ ሥራ ነው። ሴትየዋ ቀና ብላ አየቻት።

«አካም ጂርታ? ደህና ነሽ? ኮቱ፣ ነይ ተቀመጪ። አውቶቡሱ እንደሆነ ቶሎ አይሄድም።»

ዘመናይ ተቀመጠች። ምን እንደገፋት ሳታውቅ፣ እዚያው ሜዳ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ ሻሿን ፈታችው።

«ዊ! ማን ላጨሽ?»

«ራሴ።»

«ሐዘን ነው?»

ዘመናይ ትንሽ አሰበች። «አዎ» አለች።

ጉዲቱ፣ ስሟ ጉዲቱ ነበር፣ ማን እንደሞተ አልጠየቀችም። ከቅሉ ቅቤ በጣቷ አንስታ የዘመናይን ራስ ማሸት ጀመረች። እጆቿ ሻካራ ናቸው። ቅቤው በፀሐዩ ቀልጦ በጆሮዋ ሥር፣ በማጅራቷ ወረደ። ጉዲቱ እያሸች ስለ ድርቁ፣ ስለ ልጆቿ፣ ስለ አማቷ ክፋት አወራች፤ ዘመናይ ግማሹን አልሰማችም። ሹፌሩ ጡሩምባ ነፋ።

«ሲያድግ ነይ» አለቻት ጉዲቱ እጇን በሣር እየጠረገች። «እሠራልሻለሁ።»

ዘመናይ ከዚያ ወዲህ ምላጭ አላነሳችም። ፀጉሯ ሽበት እየቀላቀለ አደገ። ጆሮዋን ሲሸፍን ሻሿን ጣለች፤ ይህ በተሰማ በሳምንቱ ደንበኞቿ መመለስ ጀመሩ። ቀድማ የመጣችው ሮማነወርቅ ናት። ገብታ ተቀመጠች፣ ዘመናይም ተኮሰቻት፣ ሁለቱም ያለፈውን አላነሱም። ሱቁ እንደ ድሮው በሴቶች ጫጫታ ሞላ፤ ሲመሽ ደግሞ እንደ ድሮው ባዶ ሆነ።

በ1978 ዓ.ም. ክረምት ሊገባ ሲል፣ ፀጉሯ ትከሻዋን ሊነካ ሲቃረብ፣ አንድ እሑድ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍራ ቡልቡላ ወረደች። ግራሩ አለ። የጉዲቱ ቤት ግን የለም። ምሰሶዎቹ የነበሩበት ጉድጓድና ጥቁር የምድጃ አፈር ብቻ ቀርቷል። ከሰል የሚሸጥ አንድ ሽማግሌ «የመንግሥት መንደር ምሥረታ ነው። ሁሉንም ወዲያ አንስተዋቸዋል» ብሎ በእጁ አሳያት።

በአቧራው ውስጥ ብዙ ሄደች። ቤቶቹ በገመድ የተለኩ ይመስል ተሰልፈዋል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ገና ያልደረቁ። ጉዲቱን ያገኘቻት ግድግዳ ስትለስን ነው። ጉዲቱ ትክ ብላ አየቻትና አላወቀቻትም።

«ቅቤ የቀባሽኝ፤ አውቶቡሱ ሲበላሽ» አለች ዘመናይ። «ሲያድግ ነይ ብለሽኝ ነበር።»

«ብዙ አውቶቡስ ይበላሻል» አለች ጉዲቱ ያለ ክፋት። «እጄ ጭቃ ነው።»

ዘመናይ ጫማዋን አወለቀች፣ እጅጌዋን ሰበሰበችና ጭቃውን እያነሳች ታቀብላት ጀመር። ግድግዳው ሲያልቅ ፀሐይ ዘንበል ብላ ነበር። ጉዲቱ ታጥባ መጣች፣ ከዘመናይ ኋላ ተቀመጠች፣ ፀጉሯን በጣቷ ከፈለችው። ያኔ እጇ ቆም አለ።

«የተላጨችው ሴትዮ ነሽ» አለች። ከዚያ መጎንጎን ጀመረች።

በቀኝ በኩል ያለው ሲያልቅ ከመንገዱ በኩል የመጨረሻው አውቶቡስ ድምፅ ተሰማ። ዘመናይ ጫማዋን በእጇ ይዛ ሮጠች። ናዝሬት የደረሰችው ግማሽ ራሷ ተሠርቶ፣ ግማሹ ተበትኖ ነበር። የቀረውን መስታወት ፊት ቁጭ ብላ በደቂቃዎች ልትጨርሰው ትችል ነበር፤ ለእሷ ቀላል ነው። አልጨረሰችውም፤ ለጉዲቱ ተወችው። ሳምንቱን ሙሉ ደንበኞቿ እየጠቆሙ ሲስቁባት አብራቸው እየሳቀች፣ እንደዚያው ሆና ሠራች።