የሁለተኛው ረድፍ ድምፅ

የውሃ ቆጣሪ አንባቢው በከተማው ሙዚቃዊ ቲያትር ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጫወት፣ ከአፉ አንዲት ድምፅ ወጥታ አታውቅም። ልምምድ በተጀመረ በሦስተኛው ቀን አዘጋጁ ወደ ጎን ወስዶ፣ «ቁመናህ ለመድረክ የተፈጠረ ነው፤ ልብሱም ልክክ ብሎልሃል። አፍህን ብቻ ክፈት፣ ድምፅህን ለቤትህ ተወው» ብሎት ነበር። እሱም ከአጃቢዎቹ መሃል፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቆሞ ባዶ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ከረመ። ሐቁን እንናገር ከተባለ፣ እንደሱ አሳምሮ የሚከፍት አልነበረም።

ቤተሰቡ ዘንድ ግን ዘፋኝ ነው። ልጃቸውን ሲያገባ «የሰው ግቢ እየዞረ ቁጥር የሚለቅም» ብለው ያጣጣሉት አማቱ እንኳ፣ ቲያትሩን ካዩ ወዲህ ለጎረቤት ሁሉ «አማቼ፣ አማቼ» ማለት ጀምረዋል። ይህቺን ቃል ሊያጣት አይፈልግም።

እንግዲህ የተዋንያኑ ሲዲ ወጣ። ለቀረጻው እሱን የጠራው አልነበረም፤ ማይክሮፎን ቁመና አያይም። ሽፋኑን ያዘጋጀው ሰው ግን ስሞቹን ከመድረኩ ዝርዝር ላይ እንዳለ ስለገለበጠ፣ የእሱም ስም ከአጃቢዎቹ ጋር ቁጭ ብሏል። አማቱ መነጽራቸውን ሰክተው ሦስት ጊዜ አነበቡትና ቅዳሜ ከሰዓት ቤተ ዘመዱን ሳሎን ሰበሰቡ።

ሲዲው ተከፍቶ የአጃቢዎቹ ድምፅ ሲገባ አንድ ወፍራም ድምፅ ከስር ብቅ አለ። ከአጃቢዎቹ አንዱ የሆነው የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሁለት ዓመት ከኋላው ቆሞ ጆሮው ስር ያንጎራጎረበት።

«ይኸው እሱ» አሉ አማቱ ደረታቸውን ይዘው። «ልቤ ነግሮኝ ነበር።» እንባቸው ወረደ።

በሳቅ መሃል መዋሸት ይችልበት ነበር፤ በእንባ ፊት ግን አቃተው። አፈረ።

«እማማ፣ እኔ አይደለሁም» አለ። «እኔ ዘፍኜ አላውቅም። አፌን ብቻ ነው የምከፍተው።»

አማቱ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ትሕትናውን አየሽልኝ? ሌላው ቢሆን እኮ አገር አይበቃውም ነበር።»

«እውነቴን ነው የምልዎት። እሱ የአውቶቡስ ሹፌር ነው።»

«ይሁንልህ፣ ሹፌር ነው» አሉ፣ ቤተ ዘመዱን በዓይናቸው እየጠቀሱ። ሚስቱ አንገቷን ደፍታ ትስቃለች። ገላውን ሲታጠብ ሲያንጎራጉር ስትሰማው የኖረች ሴት ምኑ ይጠፋታል?

ሌላ ማስረጃ አልነበረውም። አዝማቹ ሲመለስ ብድግ አለና ድምፁን ለቀቀው። ሁለት ዓመት የታፈነ ነገር ነውና ዘይት እንዳልነካው በር ሲጥጥ እያለ ወጣ። ግጥሙን ግን አንዲት ቃል አልሳተም፤ ከሐፍረቱም በላይ ደስ አለው።

አማቱ እጁን ይዘው ጎተት አደረጉትና አጠገባቸው አስቀመጡት።

«ተው ልጄ፣ ዝም በል» አሉት በፍቅር። «አንተን እንስማ።»