አንቱታ ክልክል ነው

በዚያ መሥሪያ ቤት መግቢያ፣ ከእሳት ማጥፊያው ጎን፣ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ «እዚህ አንቱታ ክልክል ነው። እኛ ቤተሰብ ነን።» ከወረቀቱ ሥር ምስማር ላይ ቀይ ኮፍያ ተንጠልጥሏል። አፉ ስቶት ባልደረባውን «እርስዎ» ያለ ሰው ያንን ኮፍያ እስከ ምሳ ሰዓት ደፍቶ ይውላል። ሕጉን ያወጣው ሥራ አስኪያጁ ራሱ ነው። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ በሸራ ጫማ ይመጣል፣ ስብሰባ ሲከፍት ሁልጊዜ «ቤተሰቦቼ» ስለሚል ከጀርባው «ቤተሰቤ» ይሉታል። የሰው ኃይል ክፍሉን እንኳ «የቤተሰብ ጉዳይ» ብሎ ሰይሞታል። ልብ በሉ፣ ድርጅቱ የሚሸጠው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፤ ዝምድና አይደለም።

ከሁለት እህትማማቾች ታላቅየዋ እዚያ የፕሮግራም ፈታሽ ናት። ሌሎች ጽፈው የጨረሱትን ፕሮግራም ለደንበኛ ከመሰጠቱ በፊት እየነካካች ስህተቱን ታወጣለች። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከዓይኗ የሚያመልጥ ነገር ስለሌለ «ወንፊት» ይሏታል። መጀመሪያ ሰሞን ሥራ አስኪያጁን «አንተ» ማለት ምላሷን እያሰረው፣ ቀዩን ኮፍያ በአንድ ሳምንት አራት ጊዜ ደፍታለች። በኋላ ግን ለመደችው፤ ከመልመድም አልፋ ወደደችው። ሃያ ዓመት ሙሉ በሌላ መሥሪያ ቤት አለቃ ፊት እጇን አጣምራ የቆመች ሴት፣ አለቃዋን «ስማ እንጂ» ማለት ስትችል ደስ ቢላት አይፈረድባትም።

እህቷንም ያመጣት ይኸው ደስታዋ ነው። ታናሽ እህቷ አሥራ ሁለት ዓመት አራተኛ ክፍል ያስተማረች መምህርት ነበረች።

«ሚጡዬ፣ ነይ ግድ የለሽም» አለቻት። «መሥሪያ ቤት እኮ አይደለም፣ ቤት ነው። አንቺን የመሰለ አንደበት ያለው ሰው ለስልክ ይፈልጋሉ።»

«እታለም፣ አንቺ ደግሞ! ክፍሌን ለማን ልተው?»

«እኔ አለሁልሽ አልኩሽ። ምን ልትሆኚ?»

ታናሽየዋ ጠመኔዋን አስቀምጣ፣ የጆሮ ማዳመጫ አጥልቃ፣ የደንበኞች አቤቱታ የሚሰማበት ክፍል ገባች። ትምህርት ቤቱም በቦታዋ ሌላ ሰው ተካ። ይኸው ስምንት ወሯ ነው። «እኔ አለሁልሽ» ያለችው ቃል ግን ከታላቅየዋ ጫንቃ ወርዶ አያውቅም። ጠዋት ገብታ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ የምታየው፣ ከመስታወት ግድግዳው ወዲያ ያለውን የእህቷን ወንበር ነው።

ማክሰኞ ዕለት የቤተሰብ ጉዳይ ኃላፊዋ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ወንፊትዬ፣ አስቸኳይ ሥራ አለ። አንድ ደንበኛ ድርጅት ለሠራተኞቹ ደብዳቤ የሚጽፍ ፕሮግራም አዞናል። እስከ ነገ ፈትሺልን።»

«ምን ዓይነት ደብዳቤ?»

«ያው… የስንብት» አለች ኃላፊዋ፣ የጥፍር ቀለሟን እያየች።

ከፕሮግራሙ ጋር የአርባ አንድ ሰዎች ዝርዝር ተሰጣት። ስም የለም፤ ቁጥር፣ ጾታ፣ የሥራ ክፍልና የአገልግሎት ዘመን ብቻ። ስታስነሳው ጉዱ ወጣ። ወንዱን «አንቺ»፣ ሴቷን «አንተ» ይላል። አንዱንማ ጭራሽ «አንተ» ብሎ ጀምሮ «ደህና ሁኚ» ብሎ ይሸኘዋል። ወንፊት ብቻዋን ሳቀች፣ ከዚያ ተናደደች። «ሰው ከሥራው ሲነሳ እንዲህ ይቀለድበታል?» አለችና የስህተት መዝገቡ ላይ ጻፈች፦ «ሁሉንም በእርስዎ አድርጉት። እርስዎ ወንድና ሴት አይለይም፤ ስህተቱም ይጠፋል፣ ሰውም ይከበራል።»

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ተስተካከለ። እሷን ግን አልበቃትም፤ ደብዳቤው አሁንም ቅዝቅዝ አለባት። መጨረሻው ላይ የራሷን አንድ መስመር ጨመረች፦ «መጀመሪያ ውሃ ይጠጡ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ይነሱ።» የእናታቸው ቃል ናት። ልጆች ሆነው ደረጃ ላይ ሲወድቁም፣ ፈተና ሲወድቁም፣ አባታቸው የሞተ ዕለትም እናታቸው ሌላ ማጽናኛ አታውቅም ነበር። «መጀመሪያ ውሃ ጠጪ፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ ተነሺ» ትላለች፣ አለቀ።

ዝርዝሩን ለመጨረሻ ጊዜ ስታይ አሥራ ሰባተኛው መስመር ላይ ዓይኗ ቆመ። «ሴት። የደንበኞች አገልግሎት። ስምንት ወር።» ልቧ ድንግጥ አለ። ወዲያው ራሷን ገሠጸች፤ ስምንት ወር የሠራ ሰው የትም ይኖራል። ተነስታ ኃላፊዋን መጠየቅ ትችል ነበር፣ ክፍሏ አሥራ አምስት እርምጃ አይሞላም። አልጠየቀችም። «ተፈትሿል፣ ይለፍ» የሚለውን ተጭና ፋይሉን ዘጋች። የተሳሳተች አንዲት ነጥብ የማታመልጣት ሴት!

ሐሙስ ረፋዱ ላይ፣ ልክ አራት ሰዓት ሲል፣ አዳራሹ ውስጥ ብዙ ስልክ ባንድ ጊዜ ጮኸ። ቀድሞ ያነበበው አንድ ዲዛይነር ነው።

«‹እርስዎ› ይለኛል!» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። «ድርጅቱ ራሱ አንቱ አለኝ! ኮፍያ! ኮፍያ አምጡ!»

«እኔንም አንቱ ብሎኛል!» አለ ሌላው ከወዲያ ማዶ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፣ ጠረጴዛ ተደበደበ። በሌላ መሥሪያ ቤት ያ ደብዳቤ ከመጀመሪያው መስመር ያስደነግጥ ነበር። እዚያ ግን «እርስዎ» የጨዋታ ቃል ነውና፣ ሰዉ የስንብት ደብዳቤውን በእጁ ይዞ ኮፍያ ይፈልግ ነበር። አንዷ ኮፍያውን ከምስማሩ አውርዳ ማተሚያ ማሽኑ ላይ ደፋችበት፤ ይህ ደግሞ የባሰ አሳቃቸው።

ከዚያ የዲዛይነሩ ኮምፒውተር ጨለመ። ቀጥሎ የጎረቤቱ ጨለመ፣ ቀጥሎ ኮፍያውን ያወረደችው ሴት ኮምፒውተር። ሳቁ ከአንድ ጫፍ እየተቆረጠ መጣ።

«እንዴ?» አለ አንድ ሰው።

ወንፊት ስልኳን አየች። ምንም የለም። ገልብጣ አየችው፣ እንደገና አበራችው። ምንም። ደነገጠች፤ ለራሷ ስላልደረሳት ደግሞ በሆዷ ደስ እንዳላት ታወቃትና በራሷ ይበልጥ ደነገጠች።

ሥራ አስኪያጁ ከመስታወት ክፍሉ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ታናሽየዋ ሄደ። እስከ ትናንት «ቲቸርዬ» እያለ ትከሻዋን ቸብ የሚያደርጋት ሰው፣ ዓይኗን ሳያይ፣ «እርስዎ፣ ባጅዎን እዚህ ያስቀምጡልን» አላት። ኮፍያ ያቀበለው የለም።

ታናሽየዋ ባጇን ፈትታ አስቀመጠች። ስልኳን እንደያዘች አዳራሹን አቋርጣ ወደ ወንፊት ጠረጴዛ መጣች። ከንፈሯ ደም የሚባል የለውም። «እታለም» አላለችም።

«ይቺ የእማዬ ናት» አለች፣ የመጨረሻውን መስመር በጣቷ እያሳየች። «ከሁለታችን ሌላ የሚያውቃት የለም።»

«ሚጡዬ፣ በእናታችን! የሌላ ድርጅት ነው ብለውኝ ነው። ስም የለውም እኮ፣ ቁጥር ብቻ ነው። ስምንት ወር የሚለውን ሳየው እንኳ…»

ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው።

«ስምንት ወር ይላል?» አለች ታናሽየዋ።

ወንፊት ስልኩን ልትቀበላት እጇን ዘረጋች፤ ታናሽየዋ አራቀችው።

«አይተውታል ማለት ነው?»

«እነሱማ ያያሉ እንጂ! ያዘጋጁት እነሱ አይደሉ?»

«እነሱን አላልኩም። እርስዎን ነው የምጠይቀው።»

ወንፊት ክው አለች። በአንድ አልጋ ተኝተው ያደጉ፣ በአንድ ሹራብ ተጣልተው ፀጉር የተነጫጩ እህትማማቾች ናቸው። ስድስት ወር በተኳረፉበት ዘመን እንኳ ስድቡም «አንቺ» ነበር። በጥፊ ብትላት በተሻላት።

ታናሽየዋ ወደ ውሃ ማቀዝቀዣው ሄደች። አንድ ኩባያ ቀድታ፣ ቆማ፣ እስከ ጠብታው ጠጣች። ባዶውን ኩባያ አምጥታ ወንፊት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

«እንደታዘዝኩት ጠጥቻለሁ» አለችና ወጣች።

በዚህ መሃል ሥራ አስኪያጁ መጥቶ የወንፊትን ትከሻ ቸብ አደረገ። «አይዞሽ ወንፊትዬ፣ አንቺን የሚነካሽ የለም። አንቺማ ቤተሰብ ነሽ።»

እጁን ከትከሻዋ አሽቀንጥራ ወደ ደረጃው ሮጠች። የጽዳት ሠራተኛዋ ደረጃውን ገና ማጠቧ ነበር። ወንፊት ጫማዋ እያዳለጣት፣ የብረቱን መደገፊያ በሁለት እጇ ይዛ፣ «ሚጡዬ! ሚጡ!» እያለች ወረደች። ታናሽየዋ አንድ ፎቅ ወርዳ ነበር። ቆመች፤ ቀና ብላ ግን አላየችም።

«ደረጃው እርጥብ ነው» አለች። «ቀስ ብለው ይውረዱ።»