ከሜዳው ሦስት አራተኛው

ናዳው የወረደው ማክሰኞ ጠዋት ነው። መንገዱን ጠራርጎ ወሰደው፤ ከትምህርት ቤቱ ሜዳም አንዱን ጥግ ገምሶ ወንዝ ከተተው። መምህርት ኢንድራካላን ግን ያስጨነቃት ሌላ ነበር። ታናሽ እህቷ ሱንታሊ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ ከንጋት ጀምሮ ደግሞ ደም እየፈሰሳት ነው።

የመንደሩ ሊቀ መንበር ማን ባሃዱር ወደ ከተማ ደውሎ ሄሊኮፕተር አስላከ። አብራሪው የባሕር ማዶ ሰው ነው፤ ኔፓልኛ አይሰማም። በመንደሩ እንግሊዝኛ የምትሞክር ኢንድራካላ ብቻ ስለሆነች የመገናኛ ሬዲዮኑን እጇ ላይ አኖሩላት።

«ናዳው ሜዳውን እንደነካው ሰምቻለሁ» አለ አብራሪው። «ምን ያህሉ ተርፏል?»

በዓይኗ ለካችው። ከአራት እጅ አንዱ ሄዷል፤ ሦስቱ አለ። ሦስት አራተኛን ከአስተማሪዎቿ እንደተማረችው፣ እሷም ሃያ ዓመት እንዳስተማረችው፣ በእንግሊዝኛ «ስሪ ባይ ፎር!» አለች።

የአብራሪው ድምፅ መጣ፤ «ሦስት በአራት ሜትር? እዚያ ላይ እንኳን እኔ ፍየልም አያርፍ። ልመለስ ነው።»

«ሜትር አይደለም! ስሪ ባይ ፎር!»

«ሰማሁሽ እኮ፤ ሦስት በአራት።»

ከተራራው ጀርባ ሲቀርብ የነበረው የሄሊኮፕተር ድምፅ መሳሳት ጀመረ።

«ምን ብለሽው ነው?» አለ ማን ባሃዱር።

«እውነቱን ነዋ!»

«ታዲያ ለምን ይርቃል?»

ከሜዳው አጠገብ ካለው ቤት ውስጥ አንዲት ሴት ጮኸች፤ «ኧረ ሱንታሊ ዓይኗን ከደነች!»

ኢንድራካላ ሬዲዮኑን ወደ አፏ አስጠጋች። «ሜዳው ትልቅ ነው» ልትል ፈለገች፤ «ትልቅ»ን በእንግሊዝኛ ምን እንደሚሉት እንኳ ጠፋባት። ሰውየው «ባይ» ሲባል የርዝመትና የወርድ ልክ እንደሚሰማ ገብቷታል፤ ግን እነሱ አራተኛን ማን ይሉታል? ከፍርሃቷ መሃል ለአራተኛ ክፍል ሰዓት አቆጣጠር የምታስተምርበት የካርቶን ሰዓት ታያት፤ አራት ቦታ የተከፈለ፣ እያንዳንዱ ሩብ የእንግሊዝኛ ስም ያለው። ኳርተር!

«ስሪ ኳርተርስ!» ብላ ጮኸች። «ኳርተርስ! ስሪ!»

«ምን? ከሜዳው ሦስት አራተኛው አለ ነው የምትይኝ?»

«የስ! የስ!»

ማን ባሃዱር ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ። ሰማዩ ጭር አለ፤ ኢንድራካላ የገዛ ልቧ ምት ሞተር እየመሰላት ሁለት ጊዜ ቀና አለች። በሦስተኛው እውነት ሆነ፤ ሄሊኮፕተሩ ተመልሶ ሜዳው ላይ አረፈ። አቧራው ሳይረጋ ሱንታሊን በቃሬዛ ጫኗት፤ ለእህት የሚሆን ቦታ አልነበረም።

አራት ቀን ስልክ ጠፋ። ኢንድራካላ እህል አልቀመሰችም። በአምስተኛው ቀን የማን ባሃዱር ስልክ ጮኸ።

«እትዬ፣ ሴት ልጅ ናት» አለች ሱንታሊ በሰለለ ድምፅ። «ጡጫዋን ብታዪው!… እትዬ? አለሽ?»

«አለሁ» አለች ኢንድራካላ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብላ። «አንቺ ዝም ብለሽ አውሪ።»