የዚንሱ ማዳመጫ

ሳግቦ እናቱን አስከትሎ ገበያ መውጣቱ ስሕተት ነበር። ሰው ሄድፎን ሊገዛ እናቱን ይዞ ይሄዳል እንዴ? ግን ምን ያድርግ፣ ጫማውን ሲያስር አየችውና «ወዴት ነው?» አለችው። መዋሸት የማይሆንለት ልጅ ነው፤ አፍረጥርጦ ነገራት። እናቱ አፊያቪ ሽርጧን ጠበቅ አደረገች፣ ዚንሱን ወገቧ ላይ ሻጠችው፣ ቀድማው በር ላይ ቆመች።

ዚንሱ የሳግቦ መንታ ወንድም ነው። አሁን መዳፍ የሚያህል የእንጨት ምስል ሆኗል፤ ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሷል፣ ፊቱ ዘወትር ከመታጠቡ ብዛት ለዝቧል። ዘጠኝ ዓመታቸው ሳለ ሁለቱም በወባ ወደቁ። ሳግቦ ተነሣ፣ ዚንሱ አልተነሣም።

ቤኒን አገር፣ ኮቶኑ ከተማ ውስጥ ይኼን እንዲህ በግልጽ የሚናገር ሰው የለም። መንታ ሞተ አይባልም። በቃ፣ አይባልም! እንጨት ሊለቅም ጫካ ሄደ ነው የሚባለው። አይለቀስለትም፤ ጫካ ለሄደ ሰው ማን ያለቅሳል? ምስሉ ይቀረጽለትና እናቱ ታጥበዋለች፣ ታጎርሰዋለች፣ ሲመሽ ታስተኛዋለች። ለቀረው ልጅ የተገዛው ነገር ለሄደውም ይገዛል። አለዚያ ቅር ይለዋል፤ ቅር ያለው መንታ ደግሞ ወንድሙን «ና» ብሎ ይጠራዋል።

ሌሎቹ እናቶች ብልሃቱን ያውቁበታል። ለቀረው ሸሚዝ ሲገዙ ለሄደው ከዚያው ጨርቅ ቁራጭ ያስቀምጡለታል፤ አለቀ። አፊያቪ ግን እኩል ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ባይ ናት። አንድ ደህና ሸሚዝ በሚገዛ ገንዘብ ሁለት ተራ ሸሚዝ ትገዛለች። አንድ ደህና ጫማ በሚገዛ፣ ዝናብ ሲነካው አፉን የሚከፍት ሁለት ጫማ። ቤታቸው ውስጥ ሣጥን ሙሉ ያልተለበሰ ልብስ አለ፤ የዚንሱ ነው። ሳግቦ ግማሽ እየለበሰ፣ ግማሽ እየተጫማ፣ ግማሽ እየበላ ነው ያደገው። ይኼን ለማንም አላወራም። በልቡ ግን አንድ ነገር ቋጥሮ ነበር፦ እናቴ የምትወደው የሄደውን ነው፤ እኔ የተረፍኩት ነኝ።

ዛሬ ግን በራሱ ደሞዝ ነው የሚገዛው። ለራሱ፣ ለአንድ ሰው።

የሚሠራው ዕቃ በሞተር ለሚያደርስ ድርጅት ነው፤ ስልክ ያነሣል። አንድ አዳራሽ ውስጥ ያ ሁሉ ሰው ጆሮ ለጆሮ ተቀምጦ ይጮኻል። ድርጅቱ የሰጠው ማዳመጫ ባለ አንድ ጆሮ ነው፣ እሱም ይቆራረጣል። ደንበኛው «ሃሎ? ሃሎ?» ይላል፣ ይሳደባል፣ ይዘጋል። አለቃው ጠርታው «ሳግቦ፣ ጠባይህን እወደዋለሁ፣ ግን ሰዎቹ አልሰማንም እያሉ ነው፤ እንዲህ ከቀጠለ ውሉን አላድስልህም» ብላዋለች። ቤት ደግሞ አለ የበቆሎ ወፍጮ! ከግድግዳው ማዶ ቀኑን ሙሉ ያጓራል፤ ሳግቦ በስልኩ የሚከታተለውን የሒሳብ ትምህርት አንድ ቃል አያስደምጠውም። ስለዚህ በጣም ውድ ያልሆነ፣ ወር ሳይሞላው የማይበላሽ፣ ለሥራም ለቤትም የሚሆን ደህና ሄድፎን ነው የፈለገው። ይኼ ብዙ ነው?

ሮሙዋልድ የሚባለው ነጋዴ ቶክፓ ገበያ ውስጥ ከሰው ቁመት ጠበብ ያለች ሱቅ አለችው። አፊያቪን ከሩቅ ሲያያት እጁን አጨበጨበ።

«ሆሆኖ! የመንታ እናት መጣችልኝ! ዛሬ ገበያዬ ቀና በሉኛ!»

የመንታ እናት እግር ገድ ነው፤ ነጋዴ ሁሉ ይወዳታል። አፊያቪም ትወደዋለች እንዲህ ስትባል፣ ፈገግ አለች።

«ለልጄ ለጆሮው ነው የመጣነው፤ እንዳታታልለው» አለችው።

«እኔ? እኔ እኮ በማታለል ቢሆን ፎቅ ይኖረኝ ነበር። ለሥራ ነው ለቤት፣ ወንድሜ?»

«ለሁለቱም» አለ ሳግቦ።

«ለሁለቱም የሚሆን ሚስት እንኳ አልተገኘም፤ አንተ ሄድፎን ትለኛለህ! ቆይ እስቲ።»

የመጀመሪያውን አወረደለት፤ ቀይ፣ የሚያብለጨልጭ። ሳግቦ አደረገውና ዘፈን ከፈተ። ከበሮው ደረቱን መታው፣ ዘፋኙ ግን የት እንዳለ አይታወቅም።

«ይኼ ለጭፈራ ቤት ነው። ደንበኛዬ ዕቃዬ ጠፋ ሲለኝ ልጨፍርለት ነው?»

«እውነትህን ነው፣ ለጎረምሳ ነው። ይኼንንስ?»

ሁለተኛው ድምፁ ደህና ነበር፤ ጭንቅላቱን ግን ጨመቀው። ሳግቦ ወዲያው አወለቀና ጆሮውን አሸ። «ቀኑን ሙሉ ይኼን አድርጌ ብውል ማታ ጭንቅላቴን የማገኘው አይመስለኝም።»

ሦስተኛው ጥቁር ነው፤ ምንም የማያብረቀርቅ፣ ቀለል ያለ። ትራሱ ለስላሳ ነው፣ ጆሮን ሙሉ ለሙሉ ይሸፍናል። ማይኩ አለው፤ ቤት ሲገቡ ወደ ላይ ታጥፎ ይቀመጣል። ሳግቦ አደረገው። የሞተር ጥሩምባው፣ የሻጮቹ ጩኸት፣ ጎረቤት ሱቅ ያለው ሬዲዮ፣ ሁሉም እልም አለ። ለመሞከር አዳራሹ ውስጥ አጠገቡ ለሚቀመጠው ጓደኛው ደወለ።

«ከየት ነው የምትደውለው?» አለው ጓደኛው። «ቤተ ክርስቲያን ገብተሃል እንዴ? ጸጥ ብሏል እኮ!»

ሳግቦ ሳቀ። ከልቡ ሳቀ። «ቶክፓ መሃል ነኝ!» ብሎ ጮኸ፤ ሮሙዋልድም «ቀስ በል፣ ገዢ አታባርርብኝ» እያለ ሳቀ። ዋጋውም ካሰበው አላለፈም። ኪሱ ውስጥ ያለው ለእሱ ልክ ይሆናል።

«ይኼ ነው» አለ ሳግቦ።

«ጎሽ» አለች እናቱ። «አምሮብሃል፣ ትልቅ ሰው መሰልክ። ሁለት ስጠን።»

ሳግቦ ኪሱን ዳሰሰ።

«እማ፣ ለሁለት አይበቃኝም» አለ ሳግቦ ቀስ ብሎ።

ሮሙዋልድ የገበያ ሰው ነው፤ ነገር ሲሸተው ያውቃል። ከመሳቢያው ትንሽዬ የጆሮ ማዳመጫ አወጣ። «ይኼን ለዚንሱ ከእኔ፣ ምርቃት። ለቁመቱም ይኼ ነው የሚስማማው።»

«ልጄ ምርቃት ነው እንዴ የሚያደርገው?» አለች አፊያቪ፤ ፈገግታው ከፊቷ ጠፋ። «ወንድሙ እውነተኛ አድርጎ እሱ ትርፍራፊ? ምን አጠፋ?»

«ይቅርታ እናቴ። እንግዲያው እነዚህ አሉ፣» አለና ከታችኛው መደርደሪያ ሁለት የሄድፎን ሣጥን ሳበ፤ «የሁለቱ ዋጋ ከዚያኛው ያንዱ ዋጋ ነው።»

ሳግቦ ሣጥኖቹን ያውቃቸዋል። አዳራሹ ውስጥ ግማሹ ሰው ገዝቶ የጣላቸው ናቸው። ወሩ ሳይወጣ አንድ ጆሮአቸው ይዘጋል።

«አልፈልግም።»

«ለምን? ያምራሉ እኮ። አየሃቸው? ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው» አለች እናቱ።

«እማ፣ ስልክ የማነሣው እኔ ነኝ። ከሥራ ሲያባርሩኝ ዚንሱ ሄዶ ይሠራልኛል?»

«ዝም በል፣ ይሰማሃል።»

«ይስማኛ!»

«ሳግቦ! ተው አልኩህ፣ ይሰማሃል…»

«አይሰማም!» አለ፤ ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «አይሰማም እማ! ሞቷል። ዚንሱ ሞቷል። ለሞተ ሰው ሄድፎን አይገዛም!»

ጎረቤት ቻርጀር የምትሸጠው ሴት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሮሙዋልድ «ኧረ ወንድሜ… ኧረ ተው…» አለ። ሳግቦ ቃሉን ከአፉ አውጥቶ ሲያበቃ ሊመልሰው ቢችል ያን ሁሉ ደሞዝ በሰጠ። ግን ተብሏል።

አፊያቪ አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም። ዚንሱን ከወገቧ አወጣችውና በሁለት ጣቶቿ ጆሮዎቹን ደፈነቻቸው። ከዚያ ጥቁሩን ሄድፎን በአገጭዋ አሳየች።

«አድርግልኝ» አለችው ሮሙዋልድን።

«ምኑን፣ እናቴ?»

«ልጄ የወደደውን። ምን እንደሆነ ልየው።»

ሮሙዋልድ በሻሿ ላይ አደረገላት፣ ትራሶቹን ጆሮዋ ላይ አስተካከለ። ዘፈን ልክፈትልሽ ብሎ በእጁ ጠየቃት፤ ራሷን ነቀነቀች፣ አትክፈት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ዚንሱን ከንፈሯ ድረስ አነሣችውና ማንሾካሾክ ጀመረች።

ጆሮው የታፈነ ሰው የራሱን ድምፅ አይመዝንም። ስልክ ሲያነሣ የሚውል ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ አፊያቪ ግን ከየት ታውቀዋለች? ዕድሜዋን እንዲህ ያለ ነገር አድርጋ አታውቅም። ያንሾካሾከች መስሏታል። የምትለው ግን ሦስት ሱቅ ተሻግሮ ይሰማ ነበር።

«ዚንሱ፣ የኔ አባት፣ እንዳትቀየመው። አፉ ነው እንጂ ልቡ ደህና ነው፤ ታውቀዋለህ። እኔን ስማኝ። መሞትህን እኔ አጥቼው ነው? እጄ ላይ አይደል የቀዘቀዝከው? ይሞቅልኝ እንደሆን ብዬ እግርህን ሳሽ፣ ሳሽ፣ ሰዎች ናቸው ያስጣሉኝ። አላለቀስኩልህም፤ አንድ እንባ አላወጣሁልህም። ወንድምህ አጠገብህ በትኩሳት ይቃጠል ነበር፤ ካለቀስሽ ይወስደዋል አሉኝ፣ ዋጥኩት። እስከ ዛሬ እዚህ ጉሮሮዬ ላይ አለ። ሸሚዙን፣ ጫማውን፣ ሁሉን እኩል የገዛሁልህ ትለብሰዋለህ ብዬ መሰለህ? ጉቦ ነው ልጄ! እንድትተውልኝ ነው። ሲያስነጥሰው እደነግጣለሁ፤ ሲያመሽ ጠራኸው እላለሁ። እኔን ጥራኝ፤ ነገ ጥራኝ፣ ሮጬ ነው የምመጣልህ። እሱን ግን ተውልኝ። ለምኜሃለሁ፣ እሱን ብቻ ተውልኝ። ከሱ ሌላ ምን አለኝ?»

ሳግቦ የሚቆምበት ጠፋው። ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሣጥን ሙሉ ልብስ! በዚያ ሁሉ የተገዛው እሱ ነበር። የተረፍኩት ነኝ ብሎ ያኮረፈባት እናት፣ እሱን ለማትረፍ የሞተባትን ልጅ እንኳ ሳታለቅስለት ኖራለች። አፈረ። መሬት ብትከፈት በገባ። ሮሙዋልድ አቀርቅሮ የማይረባ ሣጥን ያገላብጣል፤ ቻርጀር ሻጭዋ ፊቷን አዙራለች።

አፊያቪ ሄድፎኑን አወለቀች። «ጥሩ ነው» አለች። «ጭር ያደርጋል።» ከዚያ ፊታቸውን አየች። «ምነው? ድምፄ ተሰማ እንዴ?»

ሮሙዋልድ አፉን ከፈተ። ሳግቦ ቀደመው።

«ኧረ ምንም አልተሰማም እማ። ከንፈርሽ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው ያየነው።»

«እፎይ» አለች። አመነችው።

«እነዚያን ሁለቱን ስጠኝ» አለ ሳግቦ።

ሮሙዋልድ አየው። «ወንድሜ፣ እነሱ እኮ…»

«አውቃለሁ። ስጠኝ።»

«የወደድከውስ?» አለች እናቱ፤ ዓይኗ ጥቁሩ ላይ ነው። «ይቅር፣ የወደድከውን ግዛ። ዚንሱን እኔ እለምነዋለሁ።»

«ጆሮዬን ያልበኛል። ከዚንሱ ጋር አንድ ዓይነት ይሻለኛል።»

ሮሙዋልድ ሁለቱን ሣጥኖች አንድ ላይ ጠቀለለ፤ ሲሰጠው ምንም ቀልድ አልጨመረም። ሳግቦ ሰኞ አዳራሹ ውስጥ ደንበኛው «ሃሎ? ሃሎ?» እንደሚለው ያውቃል፤ አለቃው ምን እንደምትለውም ያውቃል። ጥቅሉን ተሸክሞ ወጣ።

አፊያቪ ካልጋበዝኩህ አለች። አካሳ፣ በቅጠል የተጠቀለለ የበቆሎ ገንፎ፣ ከምትሸጥ ሴት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። አካሳውን ከቅጠሉ ፈታችለት፣ ከተጠበሰው ዓሣ እሾሁን እየለቀመች አቀረበችለት፤ ትንሽ ቆርሳም ለዚንሱ ከንፈሩ ላይ አስነካችው። ሳግቦ ጎረሰ፤ አልወርድ አለው።

«ብላ እንጂ። ተቀየምከኝ?»

«አልተቀየምኩም።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው?»

ውኃ ጠጣ።

«እማ።»

«ወይዬ።»

«ዚንሱ ናፍቆኛል።»

ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ እንዲህ ብሎ አያውቅም። አንድ አልጋ ላይ የተኛ፣ ከአንድ ሳሕን የበላ፣ የሱን ሳቅ ከራሱ ሳቅ የማይለይ ወንድም ነበረው፤ አንድ ቀን ሲነቃ በቦታው እንጨት ሰጡት። አታልቅስ አሉት፣ ሞተ አትበል አሉት። አትናፍቅ ያለው ግን አልነበረም፤ እሱ ነው ያላወቀው።

የአፊያቪ ጣት ዓሣው ላይ ቆመ። ግራና ቀኝ አየች፣ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንደ ልጅ ጠየቀችው፦

«ይኼ ለቅሶ አይደለም፣ አይደል?»

«አይደለም፣ እማ። ናፍቆት ነው።»

«የራቀ ሰው እኮ ይናፍቃል» አለች።

«ይናፍቃል።»

«እንግዲያው ይሁን» አለችና ሻሿን ወደ ዓይኗ ሳበች። ገበያው መሃል፣ አካሳ ሻጭዋ ማንኪያዋን ይዛ እያየቻቸው፣ እናትና ልጅ ተቃቅፈው ድምፅ አውጥተው ናፈቁት።