በንጉሡ ነው በእሳቱ?

እስከዳር ያን ዕለት ጠዋት ካርድ ክፍሉን ስታዘጋ ደስታዋ ለጉድ ነበር። ሁለት ዓመት የለፋችበት ነገር ሆነላት፤ መርካቶ ዳር ያለው ሆስፒታላቸው ከእንግዲህ ወረቀት ለምኔ አለ፣ የበሽተኛው ታሪክ ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። ካርድ ክፍል ያረጁት ጋሼ አለሙ «ልጄ፣ ለጥቂት ቀን እንኳ ጎን ለጎን ይሂድ» ቢሏት ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ካርዶቹን አሳስራ ሩቅ መጋዘን ላከቻቸው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ።

አምስት ሰዓት ላይ እትዬ ሠርኬ በሰው ተደግፈው ገቡ። ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ናቸው፤ የሳንባ ምች ትንፋሻቸውን ቆራርጦት መናገር አቅቷቸዋል። ልጃቸው ሩታ ከጎናቸው ሆና ትጮኻለች።

«እማዬ የማይስማማት መድኃኒት አለ! አምና እዚሁ ተወግታ ልትሞትብኝ ነበር። ስሙን አላውቀውም፣ ካርዷ ላይ አለ።»

እስከዳር ራሷ ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፈች። «አልተገኘም» አለ ኮምፒውተሩ። ደገመች። አልተገኘም።

ዶክተር ቶማስ ከድንገተኛ ክፍል ብቅ አለ። «እስኪ፣ የቱን ልስጣቸው? በእጄ ያለው መርፌ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ይገድላቸው ይሆናል፣ ብጠብቅ ደግሞ በሽታው ይገድላቸዋል። ፔኒሲሊኑን ልጀምርላቸው ነው።»

«አንዴ! አንዴ ብቻ!» እስከዳር ስማቸውን እንደገና ጻፈች። ሰው ልገድል ነው ስትል አሰበች።

ጋሼ አለሙ ከኋላዋ ጎንበስ ብለው መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«በየትኛው ሰ ነው የጻፍሽው?»

«ማለት?»

«በእሳቱ ነዋ የጻፍሽው! እኔ የጻፍኩት ካርድ ላይ እኮ በንጉሡ ነው።»

ለጆሮ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሰ ሌላ፣ ሠ ሌላ። እስከዳር ፊደሏን ቀየረች። ፋይሉ ዱብ አለ፦ ፔኒሲሊን በፍጹም እንዳይሰጥ።

«ዶክተር፣ ፔኒሲሊኑን ተወው!» ጩኸቷ ኮሪደሩን አናጋው።

ቶማስ የያዘውን መርፌ አስቀምጦ ሌላኛውን ሰጠ። ቀስ በቀስ የእትዬ ሠርኬ ትንፋሽ ተመለሰ፤ ሩታ ጋሼ አለሙ እግር ላይ ወደቀች። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከኮምፒውተሩ አልነቀሉም።

«ፀሐይንስ በየትኛው ጻፋችሁት? ኃይሉን? ዓለምን?»

እስከዳር ክው አለች። ከጠዋት ጀምሮ አልተገኘም ተብለው አዲስ ፋይል የተከፈተላቸውን ቆጠረች፤ ሠላሳ ሰባት። አዲስ ፋይል ላይ ደግሞ ሲስተሙ ራሱ «የማይስማማ መድኃኒት፦ የለም» ብሎ ይሞላል። እንዲያ እንዲሠራ ያዘዘችው እሷ ናት። አሥራ አንዱ መድኃኒታቸውን ይዘው ቤታቸው ገብተዋል።

ስልኩን አነሳች።

«አቤት፣ ከሆስፒታል ነው... መድኃኒቱን ወስደውታል እንዴ?»