በ214 እና በ215 መካከል

ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ «ጋሽ ሰማያዊ» ብሎ የማይጠራው ሰው የለም። ትክክለኛ ስሙን የምታውቀው የሠራተኛ አስተዳደሯ ጸሐፊ ብቻ ናት፤ እሷም ብትሆን የዓመት ፈቃድ ሲሞላ ነው ትዝ የሚላት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የከተማውን ቀለም የቀባ ሰው ነው። የእግረኛ ማቋረጫው መስመር፣ የሕዝብ መጸዳጃው «ወንዶች» እና «ሴቶች»፣ ሥሩ ቆሻሻ ተከምሮበት የምታዩት «ቆሻሻ መጣል ክልክል ነው»፣ ሁሉም የእሱ እጅ ነው። ከሁሉም የሚኮራው ግን ሰማያዊ በሆኑት የቤት ቁጥሮቹ ነበር፤ ቀለሙ ከጥፍሩ ሥር ስለማይጠፋ ነው ስሙም የወጣለት። ነበር ነው የምለው። አሁንማ ቁጥር የተጻፈበት በር ሲያይ ፊቱን ያዞራል።

ነገሩ የጀመረው ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ የከተማው ቤቶች ሁሉ ቁጥር ይሰጣቸው የተባለ ጊዜ ነው። ጋሽ ሰማያዊ የቀለም ቆርቆሮውን አንጠልጥሎ፣ ቅጹን በብብቱ ሸጉጦ ሰፈር ለሰፈር ሲዞር ከረመ። አንድ ማለዳ የታላቅ እህቱ ቤት ያለበት መንገድ ላይ ደረሰ። ይህች እህቱ እናታቸው ስታርፍ እሱን የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ ተረክባ፣ አብልታ አልብሳ፣ እዚያው ቤት ውስጥ ያሳደገችው ናት። እትዬ ነው የሚላት። በጎረቤቷ በር ላይ 214 ጽፎ ወደ እሷ በር ሲመጣ እትዬ እጇን ዘርግታ አቆመችው። ግድግዳዋን በዚያው ማለዳ አስመርጋ ምርጊቱ ገና እርጥብ ነበር፤ ራሷ ዱላ ይዛ ዶሮዎቹ እንዳይነካኩት ዘብ ቆማለች።

«ዛሬ እንዳትነካብኝ። ነገ ተመለስ» አለችው።

«እትዬ፣ የመንግሥት ሥራ እኮ ነው።»

«መንግሥትም ቢሆን ይድረቅለት። ስንት ቀን ለፍቼበታለሁ።»

ሳቀና ተዋት። ቀጥሎ ያለው ቤት ባለቤት፣ ያኔ ገና ጡረታ ያልወጣ መምህር፣ ሰዓቱን እያየ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ቶሎ በልልኝ፣ ክፍል አለብኝ» አለ። ጋሽ ሰማያዊም ቸኮለና 215ን ለመምህሩ ሰጠው። ለእትዬ ነገ 214/ሀ ብዬ እጽፍላታለሁ ብሎ በልቡ ያዘው። በማግስቱ ግን ከተማው ማዶ ያለ ሰፈር ላኩት። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ቁልፏን እያንሿሿች ሠላሳ ቅጽ ፊቱ ደረደረችለት። ፈርም አለችው። ፈረመ። ከመካከላቸው አንዱን እንኳ አላነበበም። እስቲ ልጠይቃችሁ፣ እናንተ ዓርብ ከሰዓት የሰጧችሁን ወረቀት አንብባችሁ ታውቃላችሁ?

ከዚያ በኋላ ነገሩ የእህትና የወንድም ቀልድ ሆኖ ቀረ። እትዬ በየዓመቱ ግድግዳዋን ኖራ ስትቀባ ከበሩ በስተቀኝ አንድ ክንድ የምታህል አራት ማዕዘን ቦታ ሳትቀባ ትተዋለች። «ቦታህን ይዤልሃለሁ፣ አንተ ሥራ ፈት» ትለዋለች ሊጠይቃት በመጣ ቁጥር። «ነገ እትዬ» ይላል እሱ። ቀለም ሳይዝ ይመጣል፣ ቀለም ሲይዝ ሌላ ቦታ ይፈለጋል። ደግሞ ማን ነው እሷን የማያውቅ? ደብዳቤ ይደርሳታል፣ ሰው ይጠይቃታል፣ ቤቷ እንደሆነ የትም አይሄድም። እንዲህ እንዲህ እያለ ዘጠኝ ዓመት ውሃ በላው።

ዘንድሮ በዚያ መንገድ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ሊቀደድ ተወሰነ። አሥራ ሁለት ቤት ይፈርሳል፣ ለየባለቤቱም ምትክ ቦታ ይሰጣል ተባለ። ዝርዝሩ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ሲለጠፍ ጋሽ ሰማያዊ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ቆሞ አነበበው። ምትክ የሚያገኙት አሥራ አንድ ናቸው። 214 አለ። 215 አለ። ከታች፣ ለብቻው፣ «ቁጥር የሌለው አንድ ሕገወጥ ግንባታ፣ ያለ ምትክ የሚነሣ» ይላል። ከላይ ጀምሮ እንደገና አነበበው።

የመሬት ክፍል ኃላፊውን ለማግኘት ሦስት ቀን ደጅ ጠና። በገዛ መሥሪያ ቤቱ፣ በቀባው ኮሪደር፣ በጻፈው «ጸጥታ» ሥር፣ ከባለጉዳዮቹ ጋር አግዳሚ ላይ ተደርድሮ። ጸሐፊዋ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ትላለች፤ ከውስጥ የኃላፊው የስልክ ሳቅ ይሰማል። በአራተኛው ቀን ገባ።

ኃላፊው ወጣት ነው፣ ክፉም አይደለም። ከወንበሩ ተነሥቶ አስቀመጠው፣ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማው፣ ፋይሉንም አስመጣ። አንድ ገጽ ገልጦ ወደ እሱ አዞረለት።

«ጋሼ፣ ይቺ ፊርማ የማን ናት?»

«የኔ ናት።»

«ከላይዋ ያለውን ያንብቡልኝ እስቲ።»

መነጽሩን አድርጓል፣ ግን ዓይኑ ፊደሉ ላይ አልቆም አለው። ኃላፊው ራሱ አነበበለት። «በዚህ መንገድ ያሉ ቤቶች በሙሉ ቁጥር የተሰጣቸው መሆኑንና ቁጥር ያልተጻፈበት ቤት አለመኖሩን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።»

«ሳላነብ ነው የፈረምኩት ልጄ። ምርጊቱ እርጥብ ነበር።»

«ይገባኛል። ግን ይዩት፤ ያኔ ቁጥር የሌለው ቤት ካልነበረ፣ ይሄ ቤት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለ ፈቃድ የመጣ ደግሞ ሕገወጥ ነው። እኔ አይደለሁም ያልኩት ጋሼ። እርስዎ ነዎት።»

«ቤቱ እኮ በዕድሜ ከኔ ይበልጣል። እዚያው ነው ያደግሁት።»

«እሺ፣ የዋሹት ታዲያ ያኔ ነው ወይስ አሁን?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆት የሚያውቅ ሰው የለም። ሃያ ስድስት ዓመት ሲሠራ አንዲት ቆርቆሮ ቀለም ወደ ቤቱ ወስዶ የማያውቅ ሰው ነው። ቢሆንም ቃሉን አልዋጠም።

«ያኔ ነው» አለ። «ያኔ ነው የዋሸሁት። ጻፍልኝ፣ እፈርማለሁ።»

ጻፉለት፣ ፈረመ። ማኅተም ተመታበት፣ ቁጥር ወጣለት። ለወረቀቷ ቁጥር ለማውጣት ሁለት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። እኔ ይሄን ሳስብ ደሜ ይፈላል፤ እሱ ግን ያን ቀን ተስፋ አድርጎ ነበር ወደ ቤቱ የሄደው። ሰው መቼም እውነቱን ከተናገረ የሆነ ነገር የሚለወጥ ይመስለዋል።

መልሱ በአሥራ አንደኛው ቀን መጣ፣ ሁለት መስመር። ምስክርነቱን የሰጡት ሠራተኛ ከግለሰቧ ጋር የሥጋ ዝምድና ያላቸው በመሆኑ ተቀባይነት የለውም፤ ሠራተኛው የተሳሳተ ማረጋገጫ መስጠታቸውን በራሳቸው ቃል ስላመኑ የመጀመሪያ ደረጃ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷቸዋል ይላል። ምስክርነቱ እሱን ለመቅጣት ሲሆን ታመነ፣ እህቱን ለማዳን ሲሆን አልታመነም። ወይ ጉድ!

ዘመድ ያልሆነ ሰው ይመስክር ከተባለ ብሎ ወደ መምህሩ ሄደ፣ ወደ 215። መምህሩ አሁን ጡረተኛ ነው፣ ጆሮውም ትንሽ ከብዶታል፣ ይሄን ግን በደንብ ሰማ። ያን ማለዳ ያስታውሰዋል፤ ምርጊቱን፣ ዶሮዎቹን፣ ዱላውን ሳይቀር ያስታውሳል። ብዕሩን ግን አላነሣም።

«ዝርዝሩ እንደገና ይታይ ከተባለ የአሥራ አንዳችንም ምትክ ይቆማል አሉ» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «እኔ ዕድሜዬ ስንት ቀረኝ ብለህ ነው? ልጆቼን የት አስገባቸዋለሁ? አንተ በእኔ ቦታ ብትሆን ትፈርማለህ?»

ጋሽ ሰማያዊ እፈርማለሁ ሊል ፈልጎ ነበር፤ ፊርማ ለእሱ ቀላል ነገር እንደነበረ ትዝ አለውና አፈረ።

ከዚያ ወጥቶ በቀጥታ ወደ መሥሪያ ቤቱ ቀለም ማስቀመጫ ሄደ። ሰማያዊውን ቆርቆሮ ይዞ እህቱ በር ላይ ቆመና ክዳኑን መፈልቀቅ ጀመረ። እትዬ ከውስጥ ወጣች።

«ምን ልትሠራ ነው?»

«ቁጥርሽን ልጽፍ።»

«ዘጠኝ ዓመት ስለምንህ ኖሬ ዛሬ?» አለችና ብሩሹን ከእጁ ወሰደችው። ቁጣ አልነበረባትም። «ዛሬ የተቀባ ቀለም ዛሬ የተቀባ ይመስላል። ያስሩህና ደግሞ እስር ቤት ስንቅ ላመላልስልህ? ቤት የሌላት ሴት ስንቅ የት ታበስላለች?»

በራሷ ቀልድ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ደረጃው ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ እሷም አጠገቡ ተቀምጣ ጀርባውን ስትደባብሰው ቆየች። የት ትገቢያለሽ አላት። አንተ ጋ ነዋ አለች። እሱ ያለው አንድ ክፍል ነው፤ ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር፣ ያውም ኪራይ። ይሄን ሁለቱም ያውቁታል።

ሐሙስ ጠዋት የሥራ ማዘዣ እጁ ላይ ደረሰ። በሚፈርሱት አሥራ ሁለት ቤቶች ላይ ቀይ ኤክስ ይጻፍ፣ ቅጹ ተሞልቶ እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ይመለስ። አለቃው አንገቱን አቀርቅሮ ነው የሰጠው። «ሌላ ሰው ልላክ?» አለው። ጋሽ ሰማያዊ ትንሽ አሰበ። ሌላ ሰው ቢሄድ ኤክሱ በሩ ላይ፣ መስኮቱ ላይ፣ የትም ይሆናል። እሷ ደግሞ ከማታውቀው ሰው ጋር ቆማ ነው የምታየው።

«እኔው እሄዳለሁ» አለ።

ከመንገዱ ጫፍ ጀመረ። 214 ላይ ሲደርስ የቤቱ ሰዎች ዕቃ እየጫኑ ነበር፤ አዲሱ ቦታቸው ውሃ እንዳለውና እንደሌለው እየተከራከሩ ሰላም አሉት። ቀባና ቀጥሎ ወዳለው በር ዞረ።

እትዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ደጇን ጠርጋ፣ እንግዳ እንደምትቀበል ሰው። ግድግዳው ነጭ ነው፤ ዘንድሮም ቀብታዋለች፣ እንደሚፈርስ እያወቀች። ከበሩ በስተቀኝ ያቺ አራት ማዕዘን የምርጊት ቦታ እንዳለች አለች፣ ዙሪያዋ በጥንቃቄ ተከርክሞ።

ጋሽ ሰማያዊ ዓይኑን ከዚያ አሸሸና ብሩሹን ወደ ጥጉ፣ ወደ ግድግዳው ታችኛው ክፍል ወሰደ።

«ወዴት ነው?» አለችው።

«እዚህ ታች ይሻላል እትዬ፤ ብዙ አይታይም።»

«ኖራዬን አታበላሽብኝ። ቦታህ ይኸው።»

አንድ መስመር ጎተተ፣ ከዚያ ሁለተኛውን። በዚያች ቦታ ልክ ገባ፤ ከነጩ ላይ አንዲት ነጥብ አልነካም። በሥራ ዘመኑ እንደዚያ አጥርቶ ጽፎ አያውቅም።

ቅጹን አወጣ። የሚደገፍበት ሲያጣ እትዬ የመክተፊያ ጣውላዋን ከውስጥ አመጣችለትና በሁለት እጇ ያዘችለት። የባለይዞታ ስም በሚለው ላይ ስሟን ጻፈ፤ የቤት ቁጥር በሚለው ላይ ደግሞ «የለውም» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ በትናንሽ ፊደል አራት መስመር ጽሑፍ ነበር። መነጽሩን ጠረገና ማንበብ ጀመረ። ቃል በቃል፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ አንዱን መስመር ሁለት ጊዜ። ከ215 በር ላይ መምህሩ ሰዓቱን እያየ ይጠብቃል።

«ምን ይላል?» አለችው።

«ያለው ሁሉ እውነት ነው» አለና ፈረመ።

እትዬ ጣውላውን ወደ ቤት መለሰችና በእጇ ዱላ ይዛ ወጣች። ግድግዳው ሥር በርጩማዋን አስቀምጣ ተቀመጠች። «ሂድ፣ ሥራህን ጨርስ» አለችው። «እስኪደርቅ ዶሮዎቹን እኔ እጠብቃለሁ።»