የሻፊ ባጃጅ ምን ትላለች

የሻፊን ጆሮ ያሳመምኩት እኔ ነኝ። አውቄ አይደለም፤ ግን «አውቄ አይደለም» ማለት ብዙም አያድንም።

ቦንጋ መናኸሪያው አጠገብ ሬዲዮና ስፒከር እጠግናለሁ። ማንም አላስተማረኝም። የተበላሸ ሬዲዮ ፊት ቁጭ ብዬ፣ ራሱ እስኪናገር እየጠበቅኩ ነው የተማርኩት። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ስትኖር ሰው «ጋሽ ወልዴ ጆሮ አለው» ማለት ይጀምራል። ውሎ አድሮ አንተም ታምናለህ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ስመለስ መንገድ ላይ የሚያስቆመኝ አላጣም፤ የአንዷ ፍሪጅ ያጉረመርማል፣ የአንዱ ቴፕ ያፏጫል። እሰማለሁ፣ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ አንድ ነገር እላለሁ። አንድ ነገር ማለት ልማድ ሆኖብኛል።

ሻፊ ባጃጅ ይነዳል። ባጃጇ የራሱ ናት። እሷ ባትኖር የሚጠብቀው ሺሺንዳ ያለው የአጎቱ ሱቅ ነው፤ እዚያ ሁለት ዓመት ፕላስቲክ ጫማ ሸጧል። ስለዚያ ሱቅ ሲያወራ የተፈታ እስረኛ ይመስላል። «ጋሽ ወልዴ፣ ጫማ እኮ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ ያይዎታል» ይለኛል፤ «ባጃጅ ግን ትሄዳለች።»

ጳጉሜን ላይ ለዚች ባጃጅ የስፒከር ሳጥን ሠራሁላት። ከኮምፔርሳቶ የተሠራች፣ ከኋላ ወንበር ጀርባ የምትገባ፣ በጎኗ ቡጢ የምታሳልፍ ቀዳዳ ያላት። በቦንጋ ዝናብ ኮላ በቀላሉ አይደርቅም። ስለዚህ መገጣጠሚያዋን ሁሉ ከገበያ በገዛሁት፣ ማር ማር በሚል የደን ሰም ደፈንኩት። በጣም ኮርቼ ነበር። ሻፊ ሙዚቃውን ሲከፍተው ገበያ የቆመ በግ ይደነግጣል።

መስከረም ውስጥ አንድ ሰኞ ከእሱ ጋር ቁልቁለቱን እየወረድን ነበር። የኛ ባጃጆች ቁልቁለት ላይ ሞተር ያጠፋሉ፤ ነዳጅ ለመቆጠብ። ስልክ ተደውሎልኝ ሙዚቃውንም ቀነሰልኝ። ስልኩን ዘጋሁ። የምለው ስላጣሁ፣

«ሻፊ፣ ይቺ ነገር ድምፅ አላት ልበል?» አልኩ።

«ምን ዓይነት ድምፅ?»

«እንጃ። ከኋላ። ህም የሚል።»

ወረድኩና ሱቄን ስከፍት ረሳሁት።

በማግስቱ ሻፊ በሬ ላይ ቆሟል። ዓይኑ ቀልቷል። «ሰማሁት» አለኝ።

«ምኑን?»

«ህም የሚለውን ነዋ። ወላሂ፣ እርስዎ ባይኖሩ ሳልሰማ ነበር የሚገድለኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙዚቃ አጠፋ። ሞተሩን ለማዳመጥ። ተሳፋሪም አታውሩ ተባለ። ቁልቁለት ላይ ሞተር ሲጠፋ ሦስት ሰው እንደ ጸሎት ቤት አንገቱን ደፍቶ፣ እስትንፋሱን ይዞ ይወርዳል። ታች ሲደርሱ ሻፊ ዞር ይልና «ሰማችሁ?» ይላል። ሁሉም ሰምቷል። አንዲት ነርስ ሳንባው ውሃ የቋጠረ ሽማግሌ ነው የሚመስለው አለች። የዩኒቨርሲቲ መምህሩ ትራንስፎርመር ነው አለ። የባንክ ሠራተኛው የሰማው መብራት ሲጠፋ የሚነሳውን የእነሱን ጄኔሬተር ነው፤ ይባስ ብሎ «ኔትወርክ የለም» ሊለኝ ዳዳው ብሎ ሳቀ።

ወሬው በሳምንት ውስጥ ተዛመተ። ተራ የሚጠብቁ ባጃጆች በሙሉ ታመሙ። የአንዱ ግራ ጎማ ያለቅሳል፣ የአንዱ መሪ ያቃስታል። አንድ ሹፌር ሁለት ቀን ሲያሳድደው የነበረው ቅርጭጭታ የራሱ ጥርስ ሆኖ ተገኘ፤ ቆሎ እየበላ ነበር የሚያዳምጠው። እኔ ጋ የሚመጣው ሰው በዛ። ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

መካኒኩ ፍቅሩ ግን ደስ አላለውም። ሻፊ ሥራ ሲያበቃ፣ አመሻሽ ላይ ነው ጋራዥ የሚወስዳት። ፍቅሩ ሦስት ጊዜ ፈታ፣ ሦስት ጊዜ ገጠመ፣ ምንም አልሰማም።

«ቀን ቀን ነው የሚሰማው» አለ ሻፊ።

«በሥራ ሰዓት ብቻ ነው የምትታመመው? የመንግሥት ሠራተኛ ናት እንዴ?» አለና ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ነህ አይደል ይሄን ያመጣኸው? ሬዲዮህን አትጠግንም?»

ይህ ሁሉ ሲሆን ድምፁ ከሻፊ ጆሮ ውጪ ያለ አይመስለኝም ነበር። ልነግረው አስቤ ነበር። በየቀኑ ነገ እላለሁ። ጥቅምት ሲገባ ግን አንድ ቀን በቀትር ተሳፈርኩና ሰማሁት። እውነተኛ ድምፅ። ከኋላ፣ ወፍራም፣ ህምምም የሚል። ፀጉሬ ቆመ። ፍቅሩን ከምሳው አስነስተን አመጣነው። ቁልቁለቱን ስንወርድ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሰማ፤ ፊቱ ተለወጠ።

«ይሄ ኩሽኔታ ነው» አለ። «ወይ ማርሽ ቤቱ። ጀርባዬን እያርገበገበኝ እኮ ነው። ሻፊ፣ ሦስት ጊዜ ፈትቼ ካላገኘሁት ሞተር መቀየር ነው። የዚያ ወጪ ደግሞ ከባጃጇ ዋጋ ይበልጣል። ሳትቆም ሽጣት።»

ሻፊ አልተከራከረም። ስለ ፕላስቲክ ጫማ ብቻ አንድ ጊዜ አነሳ።

ገዢ ወዲያው ተገኘ፤ ፈለቀ የሚባል፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በሺሺንዳ መንገድ ዳር የሚኖር ማር ቆራጭ። ሠላሳ ዓመት ረጃጅም ዛፍ ላይ እየወጣ ቀፎ ሲሰቅል የኖረ ሰው ነው። አምና ወድቆ ሁለት ወር ተኝቷል። ሚስቱ ከእንግዲህ ዛፍ ወይ እኔ ስላለችው መሬት ለመሬት የሚሄድ ሥራ ይፈልጋል። ድምፁን ነግረነዋል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ወርዷል። ቅዳሜ ጠዋት ሞክረዋት ሊፈራረሙ ተቀጣጠሩ። ፈለቀ ግን አንድ ነገር ጠየቀ፦ «ጋሽ ወልዴ ይስማና፣ ሞተሩ ነው ካለኝ እገዛለሁ። ከዚያ ሌላ ጉድ እንዳይኖርባት።» ሻፊም ተስማማ። ሁለቱም በእኔ ጆሮ ማሉ።

ቅዳሜ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ጥሎ ጠዋት ላይ ፀሐይ ወጣች። ሻፊ ይነዳል፤ ፈለቀና እኔ ከኋላ ነን፣ ሳጥኗ ጀርባችን ላይ። ቁልቁለቱ አናት ላይ ሞተር ጠፋ። ህምምምም።

ፈለቀ ዓይኑን ጨፈነ። ስለ ባጃጅ እንደሚያውቅ ሰው አገጩን አሸት አሸት አደረገና «ማርሽ ነው» አለ። «በደንብ ይሰማኛል። ማርሽ።»

እኔም «ማርሽ ይመስላል» ልል አፌን ከፈትኩ።

መሃል ላይ እትዬ ትርንጎ እጇን ዘረጋች። ኮረሪማና ጥምዝ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ዘንቢሏን ይዛ ወደ ገበያ ትሄዳለች። ሻፊ እምቢ ማለት አይችልምና ቆመላት። እኔና ፈለቀን ገፋ ገፋ አድርጋ መሃላችን ገባች፣ ዘንቢሏን ጉልበቷ ላይ አስተካከለችና፣

«አንተ ሻፊ» አለች፣ «ንብ መጫን የጀመርከው መቼ ነው?»

«ምን አሉ፣ እትዬ?»

«ንብ ነዋ። ይኸው ከጀርባዬ እያጉረመረመች። ቀፎ ስትጭን ሰው አታሳፍርም፤ ትነድፈኛለች እኮ።»

ከዚያ ሁላችንም ሰማነው። ማርሹ ከጆሮዬ ጠፋና በቦታው ንብ ሆነ፤ ድምፁ ያው ድምፅ ነው፣ አንዲት ነገር አልተጨመረችበትም፣ አልተቀነሰችበትም። ዞር ብዬ ሳይ በሳጥኗ ቀዳዳ ንቦች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። እስካሁንም ሲገቡ ሲወጡ ነበር ማለት ነው። ግን ቦንጋ ውስጥ ንብ ማየት ዝናብ እንደማየት ነው፤ ማን ልብ ይላል? አመሻሽ ላይ ደግሞ ወደ ቤታቸው ስለሚሄዱ ፍቅሩ ምን ይስማ። በዚያ ላይ ሳጥኗ ድምፅ እንድታጎላ ብዬ ነው የሠራኋት። ትንሹን ነገር አጉልታ ጀርባችን ላይ ታስተጋባዋለች።

ፈለቀ ግንባሩን በመዳፉ ያዘ። «ሠላሳ ዓመት» አለ። «ሠላሳ ዓመት ንብ ጠብቄ፣ ማርሽ አልኩ።»

«ቤት እየፈለጉ ነው» አለች እትዬ ትርንጎ። «እነዚህ ሰላዮቹ ናቸው። ጓዙ ከኋላ ይመጣል።»

ጓዙ ከፊት ነበር የመጣው። ገበያው በር ላይ ስንደርስ ሰማዩ ጭው አለ። ጥቁር ደመና የሚያህል መንጋ በመብራት ምሰሶዎቹ መሃል እየተጠቀለለ ወረደ። ቲማቲም ሻጮቹ ጃንጥላቸው ስር ገቡ፣ ሁለት የፓርኪንግ ልጆች እንደ ወታደር መሬት ላይ ተዘረጉ፣ አንድ ሰውዬ ባዶ ባልዲ ራሱ ላይ ደፍቶ ወደተሳሳተ አቅጣጫ ሮጠ። እኛ ከባጃጇ እንዴት እንደወጣን አላውቅም። እትዬ ትርንጎ ዘንቢሏን እንኳን አልጣለችም። መንጋው ባጃጇን ሦስት ጊዜ ዞረና ማንንም ሳይነካ፣ ተራውን እንደሚጠብቅ ተሳፋሪ፣ እየተጋፋ በዚያች ቀዳዳ ገባ።

ሻፊ መሬት ላይ ተቀምጦ ይስቃል። እንባው ይፈሳል፣ ይስቃል። «ሞተሩ ደህና ነው» ይላል፤ «ሞተሩ እኮ ደህና ነው፣ ሰዎች።» ባልዲ የደፋው ሰውዬ ተመልሶ መጥቶ እሱም ሳቀ፤ ለምን እንደሆነ አያውቅም።

ፈለቀ ግን ቀረብ ብሎ፣ አንገቱን አስግጎ ሳጥኗን ያያል። «ውሌ ውል ነው» አለ በዝግታ። «ድምፅ አላት ብላችሁ በዚያ ዋጋ ተስማምተናል። ድምፁም አለ፣ ይኸው። ጋሽ ወልዴ ይፍረድ።»

የሻፊ ሳቅ ቆመ። ሁሉም እኔን አየ። ይሄኔ ነው ጆሮ ያለው ሰው መሆን የከበደኝ።

«ሞተሩ አይደለም» አልኩ። «መጀመሪያ ደግሞ ምንም አልነበረም። ያን ሰኞ የሰማሁት ነገር የለም፣ ሻፊ። ዝም ከምል ብዬ ነው የተናገርኩት። አንተ ግን አምነኸኝ ሙዚቃህን አጠፋህ። ሙዚቃው እየጮኸ ቢሆን ይቺን ሳጥን የትኛዋ ንብ ትመርጣት ነበር? ሰሙንም የቀባሁት እኔ ነኝ። ቤቱን እኔ ሠራሁ፣ አንተ ጸጥ አደረግከው፣ እነሱም ገቡ። ማንም ማንንም አያስገድድ። ካሣ ካለ ከእኔ ነው።»

እስኪቆጣኝ ጠበቅሁ። ሻፊ አፉን ከፍቶ አየኝና፣

«ታዲያ እኔ ማግስቱን የሰማሁት ምን ነበር?» አለ።

«አላውቅም።»

«ህም ይል ነበር እኮ።»

«ይል ይሆናል።»

«ወላሂ» አለና እንደገና ሳቅ ፈነቀለው።

እትዬ ትርንጎ ወደ ፈለቀ ዞረች። «አንተስ ባጃጅ ምን ያደርግልሃል? ንብ ፍለጋ አርባ ክንድ ዛፍ ስትወጣ ኖረህ፣ ይኸው በወገብህ ልክ መጥታልሃለች። ሳጥኗን ውሰድ። ሚስትህም ዛፍ አይደለም ትልሃለች።»

ፈለቀ ሳጥኗን አየ። ባጃጇን አየ። እንደገና ሳጥኗን አየ። ወገቡን ያዝ አድርጎ ከፍታዋን ለካ። ፊቱ ላይ ቀስ ብሎ የወጣውን ፈገግታ ብታዩት፣ ሠላሳ ዓመት ዛፍ ላይ ንብ ሲጠብቅ የኖረ ሰው መሆኑን ታውቁ ነበር። «ባጃጇ ትቅርብኝ» አለ።

«ስፒከሩ ውስጥ ነው ያለው፣ ሂሳቡ ይታሰባል» አለ ሻፊ፤ ንግድ ደሙ ውስጥ አለ። «ጋሽ ወልዴ ሌላ ይሠሩልኛል። ያለ ሰም።»

«ያለ ሰም» አልኩ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ንቦቹ ሁሉ ሲገቡ ፈለቀ ቀዳዳዋን በማዳበሪያ ጆንያ ቁራጭ ሸፈናት። የትኛውም ሚኒባስ አልጭንም ስላለ በዚያችው ባጃጅ ወሰድናት። ፈለቀ መንገዱን ሙሉ ጆሮውን ሳጥኗ ላይ ለጥፎ ነፍሰ ጡር ሚስት እንዳለው ባል ይስቃል። ሻፊ ሙዚቃ ስለሌለው ራሱ ይዘፍናል፤ ድምፁ አያድርስ ነው። ከከተማው ወጥተን ረጅሙ ቁልቁለት ላይ ሞተሩን አጠፋ። ነፋሱ፣ ጎማው፣ ሳጥኗ፣ የሻፊ ዘፈን።

«ሻፊ» አልኩት፣ «አሁን ምን ትላለች?»

«እኔ እየዘፈንኩ ነው፣ ጋሽ ወልዴ» አለ ሳይዞር፤ «እርስዎ ያዳምጡ» ብሎ ቀጣዩን ስንኝ ከመጀመሪያውም አስበልጦ አበላሸው።